የወይዘሪት ሄንሪየታ ሌቪት አጭር የሕይወት ታሪክ

ጠመዝማዛዋ የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ከእኛ ምን ያህል እንደምትርቅ ለመለካት ያስቻለውን መንገድ ያገኙት ወይዘሪት ሄንሪየታ ሌቪት በ1868 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት ከአንድ ቄስ ተወለዱ። የኮሌጅ ትምህርታቸውን በ1892 ፈጸሙ። ከዚያም ታመው የመስማት ኃይላቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየደከመ ሄደ።

በሐርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ሲቀጠሩ ደመወዛቸው በሰዓት 30 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። በዚያ ዘመን በቴሌስኮፕ ሰማይን መመልከት ለወንዶች የተተወ ሥራ ስለ ነበረ፥ የሴቶቹ ድርሻ ከፔሩ በመስተዋት ላይ ተነሥተው የሚመጡትን ፎቶግራፎች መመርመር ነበር። በመስተዋቱ ላይ ኮከብ የምትታየው እንደ ጥቁር ነጥብ ነው። ወይዘሪት ሌቪት የአንዱን ሌሊት ነጥብ ከሌላው ጋር እያስተያዩ፥ የማጌላን ደመናዎች በሚባሉት ውስጥ ብርሃናቸው ከፍ ዝቅ የሚል 1,777 ከዋክብት አግኝተው በ1908 አሳተሙ።

በ1912 ደግሞ ከእነዚህ 25ቱን ለይተው ሲያጠኑ፥ ደምቃ፥ ፈዝዛ፥ እንደ ገና እስክትደምቅ ብዙ ቀን የሚፈጅባት ኮከብ በእውነትም ብርሃኗ የበዛ መሆኑን አረጋገጡ። ጥቅሙ ምንድን ነው ቢሉ፥ ሌሊት ከአቃቂ ወደ ቢሾፍቱ መንገድ በኩል የሚታይ አንድ ደብዛዛ መብራት ያስቡ። ቅርብ ያለ ኩራዝ ነው ወይስ ሩቅ ያለ የፋብሪካ መብራት? የመብራቱ ዓይነት ከታወቀ ርቀቱን መገመት ይቻላል። ጽሑፉ የወጣው በጣቢያው ኃላፊ በፕሮፌሰር ፒከሪንግ ስም ነው፤ ያዘጋጁት ወይዘሪት ሌቪት መሆናቸው በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቢጠቀስም፥ እንደ እኔ አስተያየት ይህ አይበቃም ነበር።

እንዲህ ያሉት ከዋክብት ኬፌይድ ይባላሉ፤ ስሙ የመጣው በንጉሥ ኬፌዎስ ከተሰየሙት ከዋክብት ነው። ኬፌዎስ በግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ፥ የአንድሮሜዳም አባት ነው። በኅዳር ወር፥ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት 3 ሰዓት ገደማ፥ ከአቃቂ ወደ እንጦጦ በኩል ሽቅብ የተመለከተ ሰው የከተማው መብራት ካልጋረደው በልጅቱ ስም የተጠራችውን ጋላክሲ እንደ ትንሽ ጉም ያያታል።

ይህች ጉም በእኛው በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ትሁን ወይም ከእርሷ ውጭ፥ ሊቃውንቱ ብዙ ተከራክረውበታል። በ1923 ኤድዊን ሀብል በካሊፎርኒያ በዊልሰን ተራራ፥ መስተዋቱ 2.5 ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ በውስጧ አንዲት ኬፌይድ አገኙ። በወይዘሪት ሌቪት ሕግ ሲያሰሉት ርቀቷ 900,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ሆነ፤ ዛሬ 2.5 ሚሊዮን ያህል መሆኑ ታውቋል። ስለዚህ ከእኛ ውጭ ያለች፥ ራሷን የቻለች ጋላክሲ ናት።

ወይዘሪት ሌቪት ይህን ሳያዩ በ1921 መጨረሻ በ53 ዓመታቸው በካንሰር ሕመም ዐረፉ። በ1925 ስዊድናዊው የሒሳብ ሊቅ ሚታግ ሌፍለር ለኖቤል ሽልማት በዕጩነት ሊያቀርቧቸው አስበው ደብዳቤ ጻፉላቸው። መልሱን የሰጡት በጊዜው የጣቢያው ኃላፊ የነበሩት ፕሮፌሰር ሻፕሌ ናቸው።