ጃንጎ ራይንሃርት፦ በሁለት ጣት የተጫወተው ጊታሪስት



ለዚህ የመገናኛ መጽሔት የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት እንድጽፍ ስጠየቅ፣ ብዙዎቻችሁ የአንድ ስመ ጥር ሐኪም ታሪክ ትጠብቁ ይሆናል። እኔ የመረጥኩት ግን ከሐኪሞች ጋር እምብዛም ያልተስማማ ጊታር ተጫዋች ነው። በተማሪነታችን ጊዜ ጊታር የማልለቅ እንደነበርኩ የምታስታውሱ አትገረሙም። አሁን እንፍራንዝ የምሠራ ሐኪም ነኝ፤ እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ይህን ሰው በሙዚቃው ብቻ ሳይሆን በሙያዬም ደጋግሜ አስበዋለሁ።

ጃንጎ ራይንሃርት ይባላል። የተወለደው ጃንዋሪ 23 ቀን 1910 ቤልጅየም ውስጥ ሊበርሺ በምትባል መንደር ነው። (ካልገለጽኩ በስተቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወላጆቹ ማኑሽ ከሚባሉት የሮማ ሕዝብ ወገን ሲሆኑ፣ በፈረስ በሚጎተት ጋሪ ቤት ከአገር አገር እየዞሩ በሙዚቃና በትርኢት የሚኖሩ ነበሩ። አውሮፓ የእነዚህን ሰዎች ዘፈን ወዶ ሰዎቹን ግን ከከተማ ዳርቻ አላሳለፋቸውም። የአዝማሪውን ዜማ እየወደድን አዝማሪውን ስንንቅ ለኖርን ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቤተሰቡ በኋላ ፓሪስ ዳርቻ ሰፈረ። ጃንጎ የረባ ትምህርት አላገኘም፤ ኖታ ማንበብ አያውቅም፣ ስሙን ለመጻፍ እንኳ ይቸገር ነበር። በ12 ዓመቱ አንድ ባንጆ ሰጡትና የሌሎችን ጣት እያየ ብቻውን ተማረ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በፓሪስ ጭፈራ ቤቶች ከአኮርዲዮን ተጫዋቾች ጋር እየሠራ ገንዘብ ማግኘት ጀመረ። በ1928 ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክላ ቀዳ። በዚያው ዓመት ጃክ ሂልተን የተባለው እንግሊዛዊ የባንድ መሪ ሊሰማው ድረስ መጥቶ ለንደን ወስዶ ሊቀጥረው ተስማማ። እንግዲህ ልጁ ገና 18 ዓመቱ ነው፤ እንጀራው ተጋግሮ ያለቀለት ይመስል ነበር።

በዚያው ዓመት መገባደጃ አንድ ሌሊት ከሥራ ተመልሶ ወደ ጋሪ ቤቱ ገባ። ነፍሰ ጡር የነበረችው ባለቤቱ ለገበያ የምታዘጋጃቸው አርቲፊሻል አበቦች ቤቱን ሞልተውታል። አበቦቹ የተሠሩት ከሴሉሎይድ ነው። ሴሉሎይድ ከናይትሮሴሉሎስ ስለሚሠራ አንዴ ከተያያዘ በብርድ ልብስ አፍኖ ማጥፋት ይከብዳል። ከሻማ የተነሳው እሳት ጋሪ ቤቱን በቅጽበት ዋጠው። ባልና ሚስት ሁለቱም ነፍሳቸው ተረፈ፤ ጃንጎ ግን ከሰውነቱ ግማሽ ያህሉ ተቃጠለ። ክፉኛ የተጎዱት የቀኝ እግሩና የግራ እጁ ናቸው። ግራ እጅ ደግሞ ለጊታር ተጫዋች ክር የሚይዝበት እጁ ነው።

በዚያ ዘመን በነበሩት ሐኪሞች ላይ ቶሎ አልፈርድም። የጃንጎ ጋሪ ቤት ከመቃጠሉ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ በ1928 ሴፕቴምበር፣ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ለንደን ውስጥ ሻጋታ ባክቴሪያ ሲገድል አስተውሎ ነበር። ፔኒሲሊን በሽተኛው አልጋ ዘንድ የደረሰው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ ያመረቀዘ እግር ሲያዩ ሐኪሞቹ ሕይወቱን ለማትረፍ እንቁረጠው አሉ። እሱ እምቢ አለ፤ ዘመዶቹም ከዚያ አወጡት። እግሩ ዳነ፤ በዓመት ገደማ ውስጥ በምርኩዝ መራመድ ጀመረ። ይህን ስጽፍ በሽተኛ ሁልጊዜ ትክክል ነው ለማለት አይደለም። በዚያ ዘመን እንዲህ እምቢ ብለው በኢንፌክሽን የሞቱ ብዙዎች ናቸው፤ የእነሱን ታሪክ ግን ማንም አልጻፈውም። ጃንጎ ዕድለኛም ነበር።

እጁ ግን እንደ እግሩ አልሆነለትም። ጠባሳው የእጁን ጀርባ ሸምቅቆ የቀለበት ጣቱንና ትንሿን ጣቱን አጥፎ አስቀራቸው። ከእንግዲህ ጊታር አይጫወትም ተባለ። ሕክምናውና ማገገሙ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ፈጀበት። በዚያ መሃል ታናሽ ወንድሙ ጆሴፍ አዲስ ጊታር አመጣለት። ሙዚቃን እንደ አዲስ የተማረው አልጋ ላይ ሆኖ፣ በዚያ በተሸማቀቀ እጅ ነው።

ሐኪሞችም ሙዚቀኞችም ልብ እንድንለው የምፈልገው ያኔ ያደረገውን ነው። የሞቱትን ሁለት ጣቶች ወደ ቀድሞ ሥራቸው ለመመለስ ሲታገል አልኖረም። አሠራሩን በሙሉ እንዳዲስ ደለደለው። ሌላው ጊታሪስት እጁን አንድ ቦታ አሳርፎ በአራት ጣት ከክር ወደ ክር ሲሻገር፣ ጃንጎ በሌባ ጣቱና በመሃል ጣቱ ብቻ እጁን በሙሉ በጊታሩ አንገት ላይ ሽቅብ ቁልቁል ያስሮጥ ጀመር። አምስት ስድስት ክር የሚይዙትን ሰፋፊ ኮርዶች ትቶ ሦስትና አራት ድምፅ ባላቸው ትናንሽ ኮርዶች ተካቸው። ወፍራሙን ክር አንዳንዴ በአውራ ጣቱ ከላይ ይይዘዋል። የታጠፉት ሁለቱ ጣቶችም ሥራ አልፈቱም፤ እንደተቆለመሙ ቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ እያረፉ ኮርድ ለመያዝ ያግዙ ነበር። ደኅና የቀረው ቀኝ እጁ ደግሞ ክሩን በኃይል ስለሚመታ፣ ያለ ማጉያ ጭፈራ ቤት ውስጥ ይሰማ ነበር።

ጥላሁን ገሠሠ በስኳር ሕመም እግሩን ካጣ በኋላ ወደ መድረክ ሲመለስ ስንቶቻችን አልቅሰናል። ጥላሁን ግን ድምፁ አብሮት ነበር። ጃንጎ የተነካው በዋናው መሣሪያው ላይ ነው፤ የጎደለውም ነገር የአጨዋወቱ መለያ ሆነ። ጎንደሬ ይህን ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም፤ በአንዲት የፈረስ ጭራ ክር ሠርግ ቤቱን ሙሉ የሚያስነሳ አዝማሪ አይተናልና።

በ1931 አካባቢ ቱሎን ከተማ ውስጥ አንድ ወዳጁ የሉዊ አርምስትሮንግን ሸክላ አሰማውና ልቡ ወደ ጃዝ ሄደ። በ1934 ከቫዮሊን ተጫዋቹ ስቴፋን ግራፔሊ ጋር የፈረንሳይ ሆት ክለብ ኩዊንቴትን መሠረቱ። አንድ ቫዮሊን፣ ሦስት ጊታርና አንድ ባስ ብቻ፤ ከበሮ የለ፣ ጥሩምባ የለ። ከሁለቱ አጃቢ ጊታሮች አንዱን የያዘው ያ ሆስፒታል ጊታር ያመጣለት ወንድሙ ጆሴፍ ነው። ጃዝ ማለት አሜሪካ ብቻ በነበረበት ጊዜ፣ እነዚህ ሰዎች አውሮፓ የራሷ ድምፅ እንዲኖራት አደረጉ።

በ1939 ጦርነቱ ሲነሳ ቡድኑ ለንደን ነበር። ግራፔሊ እዚያው ቀረ፤ ጃንጎ ፓሪስ ተመለሰ። ናዚዎች ሮማዎችን በገፍ በሚፈጁበት ጊዜ፣ እሱ በተያዘችው ፓሪስ መድረክ ላይ ይጫወት ነበር። ኑዋዥ፣ ማለትም ደመናዎች፣ የተባለው ዝነኛ ድርሰቱ የወጣው በ1940 በዚያው ጨለማ ውስጥ ነው። በ1943 ወደ ስዊዘርላንድ ለመሸሽ ሞክሮ ድንበር ላይ ተመለሰ። በ1946 ከዱክ ኤሊንግተን ባንድ ጋር አሜሪካን ዞሮ ኒውዮርክ በካርኔጊ አዳራሽ ተጫወተ። በሁለተኛው ምሽት ከአንድ ወዳጁ ቦክሰኛ ጋር ሲያወጋ ዘግይቶ መድረሱም ይወራል፤ ሰዓት ማክበር አልሆነለትም።

በ1951 ፓሪስ አቅራቢያ በሴን ወንዝ ዳር ባለችው ሳሞዋ ተቀመጠ። ዓሣ ያጠምዳል፣ ሥዕል ይሥላል፣ በኤሌክትሪክ ጊታር አዲሱን የጃዝ ስልት ይሞክራል። ሜይ 16 ቀን 1953 ከባቡር ጣቢያ ወደ ቤቱ ሲሄድ ወደቀ፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ ስለነበር ሐኪም እስኪደርስ ብዙ ሰዓት አለፈ። 43 ዓመቱ ነበር። ገጠር ለሠራችሁ ባልደረቦቼ የቅዳሜና እሁድ ተረኛ ማለት ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም።

ታዲያ ይህ ሰው እንፍራንዝ ምን አመጣው ትሉኝ ይሆናል። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትወርዱ የጉዛራን ግንብ ከኮረብታው ላይ ታዩታላችሁ፤ የምሠራው እዚያ አካባቢ ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት ቃጠሎዎች ብዙዎቹ ከምድጃ፣ ከኩራዝና ከፈላ ድስት የሚመጡ ናቸው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው እሳት ላይ መውደቁንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቁስሉ ቤት ውስጥ ከዳነ በኋላ፣ ጣቶቹ ከተሸማቀቁ ወዲያ ነው የሚመጡት። የተቃጠለ የእጅ ጀርባ ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው ሰው የሚፈልገው፦ የእጅ አንጓን ትንሽ ወደ ላይ ቀና፣ የጣቶቹን ሥር 70 ዲግሪ ያህል አጠፍ፣ ጣቶቹን ደግሞ ዘርጋ አድርጎ መደገፍ፣ ከዚያም በየቀኑ ማንቀሳቀስ። ለዚህ ጀሶና ፋሻ ይበቃል።

አንዲት ሰፌድ ሰፊ እናት አስታውሳለሁ። ልጅ እያለች እሳት ላይ ወድቃ ሁለት ጣቶቿ እንደታጠፉ ቀርተዋል። የመጣችው ለሌላ ሕመም ነው፤ ስለ እጇ የጠየቅኋት እኔ ነኝ። ስንደዶውን በእነዚያ በታጠፉት ጣቶች ሥር አስገብታ እንደ መንጠቆ እንደምትይዘው፣ አክርማውንና ወስፌውን ደግሞ በሌላው እጇ እንደምታሽከረክር በዝግታ አሳየችኝ። ስለ ጃንጎ ሰምታ አታውቅም፤ የደረሰችበት ዘዴ ግን የእሱው ነው። እነዚያን ጣቶች በቀዶ ሕክምና ቀጥ ለማድረግ የሚያስብ ሐኪም አስቀድሞ በእጇ ምን እንደምትሠራ ቢጠይቃት መልካም ነው። ቢያቀናቸው ሰፌዱን ሊያስጥላት ይችላልና።

የራሴም ግራ እጅ እንደ ቀድሞው አይደለም። የአውራ ጣቴ ሥር መገጣጠሚያ ተሸርሽሯል፤ አንድ ባልደረባዬም ጊታሩን ብትተዪው ይሻላል አለኝ። ቅንነቱን አልጠራጠርም። እኔ ግን የብረቱን ክር በናይለን ለወጥኩ፣ ክሩን ወደ አንገቱ አቀረብኩት፣ ጣት አጋድመው የሚይዟቸውን ኮርዶች ትቼ በካፖ ተካኋቸው። አሥራ አምስት ደቂቃ ተጫውቼ አርፋለሁ። ባለ ሦስት ድምፅ ኮርዶችን የወሰድኩት ከጃንጎ ነው። የምወዳቸው አንዳንድ ነገሮች ከእጄ ወጥተዋል፤ አይመለሱም። የቀረው ግን ቀላል አይደለም።

ጃንጎ በሞተ በዓመት ከመንፈቁ ገደማ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የእኛ ትምህርት ቤት የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ጎንደር ላይ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በቡድን ሆነው ገጠር እንዲወርዱ ታስቦ ነበር። ያ ሐሳብ አላረጀም። ዛሬ ከቡድኑ ጋር የፊዚዮቴራፒ ምሩቃን አሉን፤ የተቃጠለ እጅ ከሁሉ በፊት የሚፈልገው እነሱን ነው። ስለዚህ በዚህ መገናኛ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎቻችን በገጠር ልምምዳቸው ወደ እኛም ቢመጡ፣ በወር አንድ ቀን እንኳ ቢሆን፣ ቃጠሎው ጠባሳ ሳይሆን እንደርስበታለን። መምህራኖቻችን ይህን ብታስቡበት የእንፍራንዝ ሰው ቡና አፍልቶ ይጠብቃችኋል።

ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።