እምቢ ያለን አጥንት ያሳመነው የገጠር ሐኪም

እኛ ጎጃም ውስጥ አጥንት ሲሰበር መጀመሪያ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ብዙው ስብራት በጊዜው ይገጥማል። አንዳንዱ ግን፣ በተለይ ሥጋ በስሱ የሸፈነው የቅልጥም አጥንት፣ ወራት አልፈውም እምቢ ይላል። ደብረ ማርቆስ ዙሪያ በዚህ ምክንያት በምርኩዝ የቀሩ እኩዮች አሉኝ። ለዚህ ነው ዛሬ ስለ ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ የማወራችሁ።

ኢሊዛሮቭ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1921 ፖላንድ ውስጥ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ያደገው ግን በዛሬዋ አዘርባጃን፣ ከድሃ ቤተሰብ ጋር ነው። በ1944 በሕክምና ሲመረቅ ጦርነቱ ገና አላበቃም። የተመደበው ሳይቤሪያ፣ ዶልጎቭካ የምትባል መንደር ነበር። ስፔሻሊስት የለ፣ በቂ ዕቃ የለ። ታካሚው ግን ብዙ ነው። በጊዜው የነበረው መፍትሔ ጀሶ ነበር፤ ጀሶ ደግሞ ሲከርም መገጣጠሚያ ያደርቃል፣ ጡንቻ ያሟሽሻል።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ላይ ቀላል የምትመስል መሣሪያ ሠራ። ቀጫጭን ሽቦዎችን በቆዳና በአጥንት ውስጥ አሳልፎ፣ ከውጭ እግሩን በከበቡ የብረት ቀለበቶች ላይ ወጥሮ ያስራቸዋል። ቀለበቶቹን ደግሞ ዘንግና ብሎን ያያይዛቸዋል። ሥጋው በሰፊው ስለማይከፈት አጥንቱን የሚመግቡት የደም ሥሮች ይተርፋሉ። ታካሚውም አልጋ ላይ አይቀርም፣ እየረገጠ ይሄዳል።

ትልቁ ግኝት በአጋጣሚ መጣ ይባላል። አንድ ታካሚ ብሎኑን በተቃራኒው አዞረው። መጠጋት የነበረበት አጥንት ተራራቀ። በራጅ ሲታይ ግን ክፍተቱ ውስጥ አዲስ አጥንት እየበቀለ ነው! ኢሊዛሮቭ ለዓመታት ተመራምሮ ልኩን አገኘ፦ በቀን 1 ሚሊ ሜትር፣ በ4 ተከፋፍሎ። ከፈጠነ አጥንቱ አይበቅልም፤ ከዘገየ ያለጊዜው ይገጥማል።

የሞስኮ ሊቃውንት ግን ለረጅም ጊዜ ጆሮ አልሰጡትም። ነገሩን የለወጠው ቫለሪ ብሩሜል ነው። አበበ ቢቂላ ማራቶን ባሸነፈበት የ1964 ቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ ብሩሜል በከፍታ ዝላይ ወርቅ ወሰደ። በዓመቱ በሞተር ሳይክል አደጋ እግሩ ተሰባበረ። ከብዙ ቀዶ ጥገና በኋላም አልገጥም ያለውን እግር ኢሊዛሮቭ በ1968 ኩርጋን ከተማ ላይ አከመው። ብሩሜል ተመልሶ ከ2 ሜትር በላይ ዘለለ። በ1981 ደግሞ ኢሊዛሮቭ ጣሊያን ሄዶ ዘዴውን ለምዕራብ ሐኪሞች አስረዳ። በ1992 ሲያርፍ ስሙ በዓለም የአጥንት ሐኪሞች ዘንድ ታውቆ ነበር።

ቀለበቱ ተአምር አይደለም። ወራት ይለበሳል፤ ሽቦው የገባበት ቆዳ በየጊዜው ካልጸዳ ያመረቅዛል። ግን ከሕይወቱ አንድ ነገር ልንይዝ እንችላለን፦ የዘገየ አጥንት የሞተ አጥንት አይደለም። የሚፈልገው መረጋጋት፣ ደምና ትክክለኛ ጫና ነው። የታሰረ እግር ጣቱ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ማሰሪያውን ወዲያው ፍቱና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ወራት አልፈው ስትረግጡ አሁንም የሚያማችሁ ከሆነ ራጅ ተነሡ፣ የአጥንት ስፔሻሊስት ጋ ሪፈር አጽፉ። ሲጋራ የምታጨሱም አቁሙ፣ አጥንት መግጠምን ያዘገያል። ምርኩዝን ዕጣዬ ነው ብላችሁ አትቀበሉ።