ጭስን ጉልበት ያደረገው ሰው፦ አልፍሬድ ቡቺ

ከመተማ ዮሐንስ ወደ ጎንደር የምትወጣ መኪና ከ700 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስታ ከ2,000 ሜትር በላይ ትደርሳለች። ወደ ላይ በወጣች ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ያኔ የሚደርስለት ቱርቦ ነው። ቱርቦን ለዓለም የሰጠው ሰውዬ ደግሞ አልፍሬድ ቡቺ ይባላል።

ቡቺ እ.ኤ.አ. በ1879 በስዊዘርላንዷ ቪንተርቱር ከተማ ተወለደ። ዙሪክ ምህንድስና ተማረ፣ ከዚያ ቤልጂየምና እንግሊዝ ሠራ። አንድ ነገር ግን እረፍት ነሳው፦ ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ብዙው ሙቀት ከጭሱ ጋር ወጥቶ በከንቱ ይቀራል። ጭሱ ተርባይን ቢያዞርና ተርባይኑ አየር ጠቅጥቆ መልሶ ወደ ሞተሩ ቢያስገባስ? በ1905፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ ለዚህ ሐሳብ ፓተንት አወጣ።

ወረቀቱ ላይ ቀላል ነበር፣ ብረቱ ላይ ግን እምቢ አለው። በ1909 ሱልዘር ፋብሪካ ገብቶ ዓመታት ሞከረ። ሞተርና ቱርቦ ካልተመጣጠኑ ነገሩ አይሠራም። የተሳካለት በ1920ዎቹ አጋማሽ ነው፤ የሁለት የጀርመን መርከቦች ሞተሮች ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት ወጡ። በ1925 ደግሞ የሲሊንደሮች ጭስ እርስ በርሱ እንዳይረባበሽ በየቡድኑ በተለያየ ቱቦ የሚወጣበትን ዘዴ አስመዘገበ።

በ1959 አረፈ። ቱርቦ ያላቸው የቤት መኪኖች አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረቡት ከ3 ዓመት በኋላ ስለሆነ እሱ አላያቸውም።

ዛሬ ባለ ሁለት ቱርቦው የናፍጣ ላንድክሩዘር ቪ8 ለየአራት ሲሊንደሩ አንድ አንድ ቱርቦ አለው። ያገለገለ ልትገዙ ከሆነ ኮፈኑን አስከፍቱ። ሁለቱም ቱርቦዎች ላይ ያለው የዕቃ ቁጥር ለዚያ ሞተር የተሠራ መሆኑን መካኒክ ያመሳክርላችሁ። አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ፣ ቱቦው ወይም ማሰሪያው ከተለያየ፣ ተቆርጦ የተበየደ ካለ፣ ነዳጅ ሲረገጥ ጥቁር ጭስ የሚለቅ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ዕቃ መቀየሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጉልበት ይጨምር ተብሎ ሳይመጣጠን የተነካካ ቱርቦ ግን ሜዳ ላይ ፈጥኖ ያስደስታችሁና ዳገት ላይ ሞተሩን ያቃጥለዋል። ቡቺ ሁለቱን ለማመጣጠን 20 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል፤ በአንድ ከሰዓት ጋራዥ ውስጥ አስተካከልነው ሲሏችሁ ይሄን አስታውሱ።