አሌሳንድሮ ቮልታና የአጎቴ ባትሪ

የቀድሞ ሊቃውንትን ታሪክ ማወቅ ለኑሮ እንደሚጠቅም ያስተማረችኝ አንዲት ሌሊት ናት።

አጎቴ ከአዘዞ አራዳ የሚመላለስበት የኤሌክትሪክ ቢስክሌት አለው። ባለፈው ክረምት ቻርጀሩ ስለ ተበላሸበት ከወዳጁ ሌላ ተዋሰ። የገመዱ ጫፍ ልክ ስለ ገባለት ብቻ፣ ባትሪውን በቤታችን በር አጠገብ ሰክቶ ተኛ። እኩለ ሌሊት ላይ እናቴ እንግዳ ሽታ ቀሰቀሳት፤ ባትሪው ግሎና አብጦ ተገኘ። አጎቴ ቆጣሪውን አጥፍቶ ሁላችንንም አስወጣን። መውጫችን በባትሪው አጠገብ ነበርና ታናሽ እኅቴን አዝዬ ሳልፍ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሳይቀጣጠል በረደ። ሲነጋ ጽሑፉን ብናነብ ባትሪው የ36 ቮልት፣ ቻርጀሩ ግን ለ48 ቮልት ባትሪ የተሠራ ነበር። ቮልት የሚለውን ቃል ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ የሰው ስም መሆኑን ግን አላስተዋልሁም ነበር። ስለዚህ ታሪኩን ፈልጌ አነበብሁ።

አሌሳንድሮ ቮልታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1745 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ በኮሞ ከተማ ተወለደ። አፉን ሳይፈታ አራት ዓመት ያህል ስለ ቆየ ዘመዶቹ አእምሮው የዘገየ መስሏቸው አዝነው ነበር። ካደገ በኋላም ሕግ እንዲማር ቢመኙለት፣ እሱ ልቡን ለተፈጥሮ ምርምር ሰጠ፤ በፓቪያ ዩኒቨርሲቲም የፊዚክስ መምህር ሆነ።

በ1791 የቦሎኛው ሊቅ ሉዊጂ ጋልቫኒ የሞተ እንቁራሪት እግር በሁለት ዓይነት ብረት ሲነካ እንደሚንፈራገጥ ገልጾ፣ ኤሌክትሪኩ በእንስሳው ሥጋ ውስጥ እንደሚገኝ አስተማረ። ቮልታ በመጀመሪያ ይህን ተቀብሎ አደነቀ። በእጁ ደጋግሞ ሲፈትነው ግን ኃይሉ የሚመነጨው ከሁለቱ ብረቶች መለያየት ነው ወደሚል አሳብ ደረሰ። ይህንንም ለማስረዳት በ1799 የብርና የዚንክ ክብ ዝርጎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ደራረበ፤ በየጥንዱም መካከል በጨው ውኃ የተነከረ ካርቶን አገባ። የላይኛውንና የታችኛውን ጫፍ በሽቦ ሲያገናኝ ያለማቋረጥ የሚፈስ ኤሌክትሪክ አገኘ። ባትሪ የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። በ1800 ግኝቱን በለንደን ለሚገኘው የሊቃውንት ማኅበር በደብዳቤ አስታወቀ፤ በ1801ም በፓሪስ ለናፖሌዎን አሳየ።

እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ ሠርቶ ዝም አለማለቱ ነው። የብረቶቹ ክብደት ካርቶኑን ሲጫነው ውኃው እየተንጠፈጠፈ ኃይሉ ይደክም ነበር። ስለዚህ ብረቶቹን የጨው ውኃ በያዙ ኩባያዎች ውስጥ እያደረገ የሚያያይዝበትን ሌላ ዘዴ አበጀ። የባትሪ ጥበቃ ከባትሪው ጋር አብሮ ተጀመረ ማለት ነው።

ቮልታ በ1827 በተወለደባት በኮሞ ዐረፈ። በ1859 ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ኃይሉ ሲያልቅ ተመልሶ የሚሞላ ባትሪ ሠራ። በ1881 ደግሞ በፓሪስ የተሰበሰቡ ሊቃውንት የኤሌክትሪክ ግፊት መለኪያ በቮልታ ስም እንዲጠራ ወሰኑ።

የዛሬው የሊትየም ባትሪ ከቮልታ ክምር እጅግ ቢርቅም ጥንቃቄን ይሻል። ለ36 ቮልት ባትሪ የተሠራ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ እስከ 42 ቮልት ይሰጣል፤ የ48ቱ ግን እስከ 54.6 ይደርሳል። እንግዲህ ከገመዱ ጫፍ ይልቅ ቁጥሩን ማየት ይገባል። በደባርቅና በዳባት ውርጭ ያደረ ባትሪ ቤት ገብቶ ሳይለዝብ አይሞላ። ያበጠውን መልሶ መሰካት፣ ሰክቶ መተኛት፣ በመውጫ በር ማስቀመጥም አይገባም። ለብዙ ጊዜ የማይነዳ ከሆነ ግማሽ ያህል ሞልቶ በደረቅና ቀዝቃዛ ስፍራ ማኖር ዕድሜውን ያረዝመዋል።

ዛሬ አጎቴ አዲሱን ባትሪውን የሚሰካው ቀን፣ ሰው እያየው፣ ቁጥሩን እኔ ካነበብሁለት በኋላ ነው። ቮልታ አምኖ የተቀበለውን እንኳ መልሶ ፈተነ። እኛም፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ልክ የገባልን ነገር ሁሉ ልክ ነው እንዳንል አደራ።