የአያቶቹን ከበሮ መድረክ ላይ ያቆመው ዓይነ ሥውር

የካሪቢያን ሙዚቃ ሲነሣ «የጥቁርና የነጭ ድብልቅ ነው» ብሎ ማለፍ ተለምዷል። ድብልቁ ግን እንዲያው በራሱ የመጣ አይደለም፤ የደባለቁት ሰዎች አሉ። ዛሬ የአንዱን ሕይወት እናንሣ፤ የኩባዊውን የአርሴኒዮ ሮድሪጌስን።

አርሴኒዮ በ1911 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በማታንሳስ ክፍለ ሀገር ተወለደ። አካባቢው የሸንኮራ አገዳ አገር ነው። በኩባ ባርነት በሕግ የቀረው ገና በ1886 ነበር፤ የአርሴኒዮ አያትም ከኮንጎ ምድር የመጡ ባሪያ ነበሩ። ቤተሰቡ የኮንጎን ቃላት፣ የአምልኮውን ዜማና የከበሮውን አመታት አልረሳም። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ የጋማ ከብት ጭንቅላቱን ረገጠውና ሁለት ዓይኑ ጠፋ። እንግዲህ የቀረለት ጆሮው ነው።

ከበሮውን ከዘመዶቹ ተማረ፤ ቀጥሎ ትሬስ ያዘ። ትሬስ ከስፔን ጊታር የተወለደ የኩባ መሣሪያ ሲሆን ስድስት ክሮች በሦስት ጥንድ ይወጠሩበታል። በክር ቁጥር ከኛ ክራር ጋር ይቀራረባል፤ አጨዋወቱ ግን ሌላ ነው። አንዲት አጭር ዜማ እየደጋገመ ዘፈኑን ወደፊት ይነዳዋል።

በ1937 የደረሰው አንድ ዘፈን ነፃነቱን የሚሻ የካራባሊ ባሪያ የሚናገርበት ነው፤ የስፔንና የኮንጎ ቃላት ተሰባጥረውበታል። ብዙዎቹ የነጮች ክበቦች ለጥቁር በራቸውን በዘጉበት በዚያ ዘመን ዘፈኑን የታወቀ ኦርኬስትራ ተጫወተውና ገነነ። ደራሲው ግን ደጅ ነው!

በጊዜው ሶን የሚባለውን ሙዚቃ የሚጫወቱት ባንዶች ጊታር፣ ትሬስ፣ ቤዝ፣ ትንሹን ቦንጎና አንድ ትራምፔት ነበር የሚይዙት። ከኮንጎ ዘር የሆነው ረጅሙ ከበሮ፣ ቱምባዶራ፣ የጎዳናና የድሃ ሰፈር ዕቃ ነው ተብሎ ይናቅ ነበር። አርሴኒዮ በ1940 ባንዱን ሲያቋቁም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ ይህን ከበሮ አስገባ። ፒያኖም ጨመረ፤ ትራምፔቱንም አበዛው። መሣሪያ ማብዛቱ እንኳ ብዙ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ለያንዳንዱ ቦታ መስጠቱ ነው። ፍጥነቱን ቀነስ አደረገ፤ ቤዙ ዝም የሚልበትን ክፍተት ከበሮው ይሞላዋል። ወደ ዘፈኑ መጨረሻ ደግሞ አውጪና ተቀባይ ሲመላለሱ ትራምፔቶቹ እየደረቡ ያጋግላሉ። አውጪና ተቀባይ መቼም ለኛ እንግዳ አይደለም።

በ1947 ብርሃኑ ይመለስልኝ ይሆናል ብሎ ኒው ዮርክ ላለ ስመ ጥር የዓይን ሐኪም ታየ። መልሱ ተስፋ የሚያስቆርጥ ሆነ፤ የዓይኑ ነርቭ ሞቷል። ከዚያ ኀዘን የወጣው ዘፈን ሕይወትን ከሕልም የሚያመሳስል ቦሌሮ ነው፤ እስከ ዛሬም ይዘፈናል።

በ1950ዎቹ ኑሮውን ወደ አሜሪካ አዞረ። ማምቦ ያበደበት ጊዜ ነበር። አርሴኒዮ የማምቦ ፈጣሪ እኔ ነኝ ይል ነበር፤ ሌሎች ግን ሀብትና ዝና ሲያፍሱበት እሱ በሃርለምና በብሮንክስ ለስደተኛው ወገኑ ይጫወት ነበር። በ1970 መጨረሻ በሎስ አንጀለስ ሞቶ ኒው ዮርክ ተቀበረ። ወዲያው በዚያችው ከተማ ሳልሳ የሚባለው ሙዚቃ ገነነ። ሳልሳ በሬዲዮ ስትሰሙ ትራምፔቶቹን፣ ፒያኖውንና ረጅሙን ከበሮ ልብ ብላችሁ አዳምጡ፤ አሰላለፉ የአርሴኒዮ ነው።