ስሙ በሸክላው ላይ ያልሰፈረው ከበሮ መቺ

በ1960ዎቹ ዓመታት ከዲትሮይት ከተማ እየወጡ ዓለምን ያዳረሱትን የሞታውን ዘፈኖች የማያውቅ የሙያ ባልደረባ ይኖራል ብሎ መገመት ያስቸግራል። ዘፈኖቹን በምት ያቆማቸውን ሰው ግን በዘመኑ ሸክላውን ከገዛው ሕዝብ መካከል በስም የሚያውቀው እምብዛም አልነበረም። ይህ ሰው ቤኒ ቤንጃሚን ነው።

ሙሉ ስሙ ዊሊያም ቤንጃሚን ሲሆን፣ በ1925 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአላባማ ግዛት በበርሚንግሃም ከተማ ተወለደ። እጁን ያፍታታው በጃዝ ነው። ቤሪ ጎርዲ ገና ኩባንያውን ለማቋቋም ደፋ ቀና በሚልበት በ1958 ገደማ፣ የመጀመሪያው የስቱዲዮ ከበሮ መቺ ሆኖ ተቀጠረ። በዌስት ግራንድ ጎዳና ላይ ካለው ተራ ቤት ውስጥ የተሠራችውን ጠባብ ስቱዲዮ ሙዚቀኞቹ የእባብ ጉድጓድ ይሏት ነበር። በ1959 የተቀረጸውን የባሬት ስትሮንግን «መኒ» እና በ1962 የወጣውን የኮንቱርስን «ዱ ዩ ላቭ ሚ» በምት ያጀበው እሱ ነው። «መኒ»ን ቢትልሶች በ1963 መልሰው ተጫውተውታል።

ምቱ ጽኑ ነበር። ዘፈኑ ሊነሣ ሲል ከበሮዎቹን ባጭሩ አንከባሎ ዘፋኙን የሚቀበልበት ዘዴ ዛሬም መለያው ሆኖ ይጠቀሳል። ከቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ከጄምስ ጄመርሰን ጋር ሲጣመርም አንዱ የሌላውን ትንፋሽ የሚያውቅ ይመስል ነበር።

ይሁን እንጂ መጠጥና አደንዛዥ ዕፅ ቀስ በቀስ አሸነፉት። ለቀረጻ መዘግየት፣ ለመዘግየቱም ሰበብ መፍጠር አመሉ ሆነ። ስለዚህ ኡሪኤል ጆንስና ፒስቶል የሚባለው ሪቻርድ አለን በቦታው እየገቡ መጫወት ጀመሩ። ሁለቱም የእሱን አመታት ጠንቅቀው ያውቁ ስለ ነበር፣ ማን የትኛውን ዘፈን እንደ መታ ዛሬ ጆሮ ብቻውን ሊፈርድ አይችልም። በብዙዎቹ ዘፈኖች ላይ ያለው ክርክርም አላባራም። መዘግየቱ የራሱ ጥፋት ነው፤ ለክርክሩ ግን ተጠያቂው፣ በእኔ አስተያየት፣ የአጃቢዎችን ስም በሸክላ ልባስ ላይ ያላሰፈረው የኩባንያው ልማድ ነው። ያን ያህል ሸክላ ላሳተመ ድርጅት አንድ መስመር መጨመር ምን ያህል ይከብድ ነበር?

ቤንጃሚን በሚያዝያ 1969 በ43 ዓመቱ የአንጎል ደም መፍሰስ ገድሎት ዐረፈ። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1971፣ ማርቪን ጌይ «ዋትስ ጎይንግ ኦን» የተባለውን አልበሙን ሲያወጣ የሙዚቀኞቹ ስም በልባሱ ላይ ታተመ። የቤኒን አመታት ገና በልጅነቱ በስቱዲዮው ውስጥ እያየ ያደገው ስቲቪ ዎንደር ደግሞ፣ በ1972 በ«ሱፐርስቲሽን» ላይ ከበሮውን ራሱ መታ። የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ የቤንጃሚንን ስም በአጃቢ ሙዚቀኞች መዝገብ ያሰፈረው በ2003፣ ከሞተ ከ34 ዓመት በኋላ ነው።