የአድዋ አጣቢዎችን የጠየቁት ዶክተር

በዚህ እትም ስለ ዶክተር አክሊሉ ለማ ልጽፍላችሁ ነው። ስማቸውን ትምህርት ቤት የሰማችሁ ትኖራላችሁ፣ ብዙዎቻችን ግን እንዶድ ካልተነሳ አናስታውሳቸውም። እንዶድን የማያውቅ ደግሞ የለም። ትግርኛ ተናጋሪዎቻችን ሽብቲ ትሉታላችሁ፣ ኦሮሞዎቹ አንዶዴ። ሳሙና ገጠር ሳይገባ አያቶቻችን ፍሬውን አድርቀው፣ ወቅጠው፣ አረፋውን አስነስተው ነጠላና ጋቢ ያነጡበት ነው። ሲወቀጥ ብናኙ አፍንጫ ከገባ ማስነጠሱ አይጣል! እዚህ ቤሩት በክሎር እጃችን እየተላጠ ስናጥብ እኔ ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል።

ዓመቶቹን በፈረንጅ እጽፋለሁ፣ እዚህ የለመድነው እሱን ስለሆነ። ዶክተር አክሊሉ በ1930ዎቹ አጋማሽ በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሐረርጌ ተወለዱ። አሜሪካ ተምረው በ1964 ባልቲሞር ከሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያዙ። ዶክተር ስላልኳችሁ መርፌ የሚወጉ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ውስጥ ገብተው የሚኖሩ ትሎችንና ተውሳኮችን የሚያጠኑ ሰው ነበሩ። በዚያ ትምህርት እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር። ተመለሱ።

ያኔ ያሳሰባቸው ቢልሃርዚያ ነበር። በሽታው እንዲህ ነው፤ የታመመ ሰው ወንዝ ዳር ይጸዳዳል፣ የትሉ እንቁላል ውኃ ውስጥ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ግን ቀጥታ ሰው ላይ አይወጣም፣ መጀመሪያ ትናንሽ የውኃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ ይወጣና ሲዋኝ፣ ሲያጥብ ወይ ውኃ ሲቀዳ ባገኘው ሰው ቆዳ ዘልቆ ይገባል። መጠጣት እንኳን አያስፈልገውም፣ እግር መንከር ይበቃል። ታዲያ ማን ነው ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ የሚቆመው? ልብስ አጣቢዋና የሚንቦጫረቀው ልጅ ናቸዋ። ቀንድ አውጣው ከጠፋ መንገዱ ይቆረጣል።

በዚያው በ1964 ዶክተር አክሊሉ ቀንድ አውጣዎቹን ሊያጠኑ አድዋ ወረዱ። ወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ የሞተ ቀንድ አውጣ በብዛት ተከማችቷል። ከፍ ብሎ ያለው ደግሞ በሕይወት አለ። ሌላ ሰው ቢሆን በማስታወሻው ጽፎ ያልፍ ነበር። እሳቸው አንዷን አጣቢ ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ባሉበት ቦታ ትንሽ የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርላቸው። ጨመረችላቸው። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ግኝቱ ይሄው ነው። ታሪኩ ሲነገር የሴትየዋ ስም አይነሳም፣ ይሄ እኔን ቅር ይለኛል። ግን ዶክተሩም ታሪኩን ሲያወሩ ከአጣቢዎቹ ነበር የሚጀምሩት።

ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። በ1969 ወደ አድዋ ተመልሰው ከባልደረቦቻቸው ጋር አምስት ዓመት የፈጀ ሙከራ ጀመሩ። ከተማው ያኔ 17,000 ያህል ሰው ነበረው። መጀመሪያ የሰዉን ሰገራ መርምረው ስንቱ እንደታመመ ቆጠሩ፣ ከዚያ ወንዞቹን በእንዶድ አከሙ፣ በመጨረሻም እንደገና ቆጠሩ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ካሉ ልጆች በፊት ከመቶ 50ው በሽታው ነበረባቸው፤ በኋላ ከመቶ 7 ብቻ ሆኑ።

ይሄን ቆጠራ አትናቁት። በ2022 ጥቅምት ላይ ኮሌራ ሊባኖስ ገባ ሲባል ሁላችንም ደንግጠን ነበር፣ ከ1993 ወዲህ ታይቶ አያውቅም ነበርና። ከየት ተነሳ፣ ወዴት እየሄደ ነው፣ የየትኛው ሰፈር ውኃ ተበከለ የሚለው የሚታወቀው የሚመረምርና የሚመዘግብ ሰው ሲኖር ነው። ያልተቆጠረ በሽተኛ በጀት አይያዝለትም። ወረቀት የሌላችሁ እህቶች ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደሚያናድደው ልምጣ። ያኔ የዓለም ጤና ድርጅት ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ እንዲሆን የሚመክረው ጀርመን አገር የሚሠራ ባይሉሳይድ የሚባል መድኃኒት ነበር፣ የሚገዛውም በውጭ ምንዛሪ ነው። እንዶድ በየአጥሩ ይበቅላል። ድርጅቱ ግን የኢትዮጵያን ጥናት በቀላሉ አልተቀበለውም፤ ዓለም አቀፉን የላቦራቶሪ ደረጃ አልጠበቀም ተባለ። ያንን ደረጃ የሚያሟላው ምርመራ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፣ አገራችን ውስጥ የሚሠራበት ቦታም አልነበረም። ዓመታት አለፉ። ዲፕሎማዋን ይዛ መጥታ እዚህ አይታወቅም የተባለች እህታችን ስሜቱን ታውቀዋለች። ለሐቁ ያህል ግን፣ እንዶድ ዓሣም ይገድላል፣ ሰውም ከጠጣው ይጎዳል። ይመርመር መባሉ ጥፋት አልነበረም። ችግሩ አስመርምሩ የሚለው ብዙ፣ ለምርመራው የሚከፍለው ጥቂት መሆኑ ነው። ዶክተር አክሊሉም ትልቁ እንቅፋት በድሃ አገር ሳይንቲስት ላይ ያለው ንቀት ነው ብለው በአደባባይ ተናግረዋል። በመጨረሻ ለምርመራው ገንዘብ ያወጣው የካናዳ የልማት ምርምር ማዕከል ነው፣ ያውም በ1980ዎቹ ውስጥ። ከአድዋው ወንዝ ጀምራችሁ ቁጠሩት።

በመሃል ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ የሚባሉ የእርሻ ሳይንቲስት አብረዋቸው ሠርተዋል። የእንዶድ ዓይነቶችን ከየቦታው ሰብስበው፣ እያበቀሉ አወዳድረው፣ 44 ቁጥር የተባለውን ብርቱውን የለዩት እሳቸው ናቸው። በ1989 ሁለቱ አንድ ላይ ስዊድን ውስጥ፣ ሰዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ ፍሎረንስ በዩኒሴፍም ሠርተዋል፣ አሜሪካም በዩኒቨርሲቲዎች ቆይተዋል። በ1997 አረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት አሁን በስማቸው ይጠራል።

ዛሬ አገራችን ቢልሃርዚያን በአብዛኛው የምትከላከለው በየትምህርት ቤቱ ፕራዚኳንተል የተባለ ክኒን በማደል ነው። ክኒኑ ሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል፣ ወንዙ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ግን አይነካም። ልጁ ነገ ተመልሶ ይገባበታል።

እኛ ደግሞ ከዚያው ውኃ ነው የመጣነው። ትሉ ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ አብሮን ይመጣል። በጣና ዳር፣ በሐይቅ፣ በከሚሴ፣ በአድዋ፣ በዝዋይ ያደጋችሁ፣ ሰገራችሁ ላይ ደም ካያችሁ ወይም ሆዳችሁን ቶሎ ቶሎ ካመማችሁ፣ ከአዋሽ በረሃ የመጣችሁ ደግሞ ሽንታችሁ ደም ከቀላቀለ፣ ክሊኒክ ስትሄዱ ከየት እንደመጣችሁና ልጅ ሆናችሁ ወንዝ ትገቡ እንደነበር ራሳችሁ ንገሩ። እዚህ ያለ ሐኪም ይሄ በሽታ በቶሎ ላይታሰበው ይችላል። ቢልሃርዚያ የሚለውን ቃል ግን በዐረብኛም ያውቁታል፣ እንዳለ ብትሉት ይገባቸዋል። ብቻዋን መሄድ የምትፈራ ካለች እሁድ ማኅበሩ ስንገናኝ ትንገረን፣ ዐረብኛ የምትችል አንድ ሰው አብራት ትሄዳለች።